የሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ እንዴት እንስማው?

ኪነ ጥበብ ከማኅበራዊ ንቃተ ኅሊና መገለጫዎች አንዱ እንደመሆኑ መጠን፣ ከተፈጠረበት ዘመንና ከወለደው ኅብረተሰብ ነጥሎ ሊረዱት እንደማይቻል በመርህ ደረጃ የማይቀበል አይገኝም። ልብ ወለድ ሲነበብ፣ ቴአትር ሲታይ፣ ሥዕል ሲመረመር ይህን መርህ በሥራ ላይ ለማዋል ብዙም አንቸገርም። ነገሩ ቃል ወደሌለው ሙዚቃ ሲደርስ ግን አብዛኛዎቻችን ወደኋላ እናፈገፍጋለን። ግጥም የሌለው ዜማ ምን ይናገራል? ከመቶ የማያንስ ሰው መድረክ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ሲነፋና ሲገዘግዝ፣ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ጋር ሲታገል የዋለ ሠራተኛ ወይም ከቀበሌ ስብሰባ የወጣ ነዋሪ ከዚያ ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል? ጥያቄው የድንቁርና ምልክት አይደለም። እንዲያውም ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ሊቀርብለት ከሚችለው ጥያቄ ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው ብለን እናምናለን። ስለሆነም በንቀት ሊታለፍ አይገባውም፤ በተጨባጭ ማስረጃ ሊመለስ ይገባዋል።

በጥቅሉ ስለ ሲምፎኒ ሙዚቃ ከማውራት አንድ ሥራ አንሥቶ እስከ ሥሩ መመርመር የተሻለ በመሆኑ፣ የሶቪየቱን የሙዚቃ ደራሲ የዲሚትሪ ሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ መርጠናል። “ሌኒንግራድ” በሚለው ስም የሚታወቀው ይህ ድርሰት በ1941 ተጽፎ በ1942 ለሕዝብ የቀረበ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ከተጻፉት ታላላቅ የኦርኬስትራ ሥራዎች መካከል የዚህን ያህል በርሃብና በመድፍ ፊት የተፈተነ ጥቂት ነው። የዚህንም ያህል በተሳሳተ መንገድ የተተረጎመ ጥቂት ነው።

የተሳሳተው አተረጓጎም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሲምፎኒውን እንደ ጦር ግንባር መግለጫ የሚሰማው ነው፦ እዚህ ላይ ሰላም ነበረ፣ እዚህ ላይ ጠላት ገባ፣ እዚህ ላይ ለሙታን ተለቀሰ፣ በመጨረሻም ድል ተገኘ፤ አበቃ። ሌላው በተለይ ከ1979 ወዲህ የተስፋፋ ነው። በዚያ ዓመት ሰሎሞን ቮልኮቭ የተባለ ከሶቪየት ኅብረት የወጣ ጸሐፊ የሾስታኮቪች የቃል ትዝታዎች ናቸው ብሎ “ምስክርነት” የተሰኘ መጽሐፍ በኒው ዮርክ አሳተመ። እንደ መጽሐፉ አገላለጽ ሲምፎኒው የሚያነሣው የሌኒንግራድ ጥፋት ስታሊን የጀመረውና ሂትለር የጨረሰው ነው። የመጽሐፉ እውነተኛነት በሙዚቃ ተመራማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ያስነሣና ክርክሩም እልባት ያላገኘ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ከዚያ ወዲህ በሥራው ውስጥ የተሸሸገ ምሥጢራዊ መልእክት ብቻ መፈለግን ሥራቸው አድርገውታል።

ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ይወጋገዙ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሙዚቃውን ከውጭ በሚመጣ ቁልፍ እንደሚከፈት ሣጥን ይቆጥሩታል፤ ቁልፉን አገኘን ካሉ በኋላ መስማት አያስፈልጋቸውም። እኛ የምንለው አስቀድሞ ጆሮን መክፈት ያስፈልጋል ነው። የሥራው ይዘት ያለው በቅርጹ ውስጥ ነውና። ይህን ከማሳየታችን በፊት ግን የተጻፈበትን ነባራዊ ሁኔታ ባጭሩ መመልከት ተገቢ ይሆናል።

ናዚ ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን የወረረው ጁን 22 ቀን 1941 ነው። ሾስታኮቪች ያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ሲሆን በሌኒንግራድ ኮንሰርቫቶሪ ያስተምር ነበር። ለመዝመት ቢጠይቅም በዓይኑ ድካም ምክንያት አልተቀበሉትም፤ በምሽግ ቁፋሮ ተሠማርቶ ከቆየ በኋላ በኮንሰርቫቶሪው የእሳት አደጋ ተከላካይ ቡድን ውስጥ ተመደበ። ሲምፎኒውን መጻፍ የጀመረው በጁላይ ነው። በሴፕቴምበር 8 ከተማይቱ በየብስ ከቀረው አገር ጋር የሚያገናኛት መንገድ በሙሉ ተቆረጠ። በሴፕቴምበር 17 ደራሲው ሬዲዮ ጣቢያ ቀርቦ የአዲሱን ሥራውን ሁለት ክፍሎች መጨረሱን ለከተማው ሕዝብ ነገረ። ሦስተኛውንም እዚያው ፈጸመ። በኦክቶበር 1 ከቤተሰቡ ጋር በአውሮፕላን ወደ ሞስኮ ተወስዶ፣ ከዚያም በቮልጋ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ኩይቢሼቭ (ዛሬ ሳማራ ተብላ ወደምትጠራው ከተማ) ተዛወረ፤ አራተኛውን ክፍል በዲሴምበር 27 ደመደመ። ማርች 5 ቀን 1942 ወደዚያችው ከተማ ሸሽቶ የነበረው የቦልሾይ ቴአትር ኦርኬስትራ በሳሙኤል ሳሞሱድ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሰማው።

እነዚህን ቀናት የምንዘረዝረው ለታሪክ ያህል አይደለም። ልብ ብሎ ለሚያነባቸው አንድ ነገር ይናገራሉ። በሌኒንግራድ የከፋው ርሃብ የገባው ከኖቬምበር በኋላ ነው፤ ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 25 ድረስ ለፋብሪካ ሠራተኛ በቀን 250 ግራም፣ ለሌላው ነዋሪ 125 ግራም ዳቦ ይታደል ነበር። ዳቦውም ንጹሕ ዱቄት አልነበረም። እንግዲህ የሲምፎኒው የለቅሶ ሙዚቃ በሙሉ የተጻፈው ሕዝቡ በየመንገዱ መውደቅ ከመጀመሩ በፊት ነው ማለት ነው። የድሉ ክፍል ደግሞ ያለቀው ድል ገና ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይቀረው በነበረበት ጊዜ ነው። ያላየውን ለቅሶና ያልተገኘ ድል የጻፈ ሰው ዜና ዘጋቢ ሊባል አይችልም። ሾስታኮቪች መጀመሪያ ላይ ለአራቱ ክፍሎች “ጦርነት”፣ “ትዝታ”፣ “የአገር ሰፊ ምድር”፣ “ድል” የሚሉ ርእሶች ሰጥቶ ኋላ እንደገና ማንሣቱም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው።

አሁን ወደ ሙዚቃው እንግባ። ሲምፎኒ ማለት በተለምዶ አራት ክፍሎች ያሉት ረጅም የኦርኬስትራ ድርሰት ነው። የመጀመሪያው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ሕግ አለ። በባሕርይ የተለያዩ ሁለት ዜማዎች ይቀርባሉ፤ ቀጥለው እነዚያው ዜማዎች ይሰባበራሉ፣ ይጋጫሉ፣ አንዱ ከሌላው ይወስዳል፤ በመጨረሻም ባለፉበት ትግል ተለውጠው ይመለሳሉ። ስለ ቅራኔና ስለ ተቃራኒዎች ትግል ጥቂት የተማረ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት የኮንሰርቫቶሪ ዲፕሎማ አያስፈልገውም። የትግሉ ሥፍራ ማለትም መካከለኛው ቦታ የክፍሉ ልብ ነው። ሾስታኮቪች በሰባተኛው ሲምፎኒ ያደረገው ያንን ልብ አውጥቶ በቦታው ሌላ ነገር ማስቀመጥ ነው።

ክፍሉ የሚጀምረው የክር መሣሪያዎች ባንድነት በሚያሰሙት ሰፊና ጠንካራ ዜማ ነው፤ መለከትና ከበሮ በየመካከሉ ያጸኑታል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ዜማ ለስላሳ ነው። እየሳሳ፣ እየራቀ ይሄድና ፒኮሎ በምትባለው ትንሽ ዋሽንትና በአንድ ብቸኛ ቫዮሊን ላይ ብቻ ቀርቶ ሊጠፋ ይቃረባል። ሕጉ ቢከበር ኖሮ ከዚህ በኋላ የሁለቱ ዜማዎች ትግል መከተል ነበረበት። በምትኩ ከሩቅ የአንዲት ወታደራዊ ከበሮ ድምፅ ይሰማል።

በኛ ጆሮ ነጋሪት ሲጎሰም ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዐዋጅ አለ ማለት ነው፣ ሰው ከየቤቱ ይወጣል። ይህች ከበሮ ግን ማንንም አትጠራም። እጅግ ዝቅ ባለ ድምፅ አንዲት አጭር ምት ትደጋግማለች፤ ቴፕ ወይም ሬዲዮ ላይ የሚሰማት ሰው መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ድምፁን ከፍ ሊያደርግ ይችላል (ባያደርግ ይሻለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጸጸታል)። በምቷ ላይ አንድ ዜማ ይመጣል። የክር መሣሪያዎቹ ክሩን በጣት እየነጠቁና በደጋኑ እንጨት መታ መታ እያደረጉ ያሰሙታል። ዜማው ቀላል ነው፤ ሞኝ ነው ብንልም አናጋንንም። ልጅ እያፏጨ ሊሄድበት ይችላል። የሙዚቃ ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት ከፊሉ ፍራንዝ ሌሃር ከደረሰው፣ በ1905 በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበው “ደስተኛዋ መበለት” ከተባለ የመዝናኛ የዘፈን ቴአትር ውስጥ ካለ ዘፈን ጋር ይመሳሰላል። ቴአትሩም ሂትለር አብዝቶ ይወደው የነበረ ነው።

ይህ ዜማ አሥራ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። አንድ ጊዜ ፍሉት ብቻውን ይዞት ይመጣል። ሌላ ጊዜ ኦቦ የተባለው መሣሪያ አንድ ሐረግ ሲል ከሥሩ ባሱን ያንኑ ሐረግ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልስለታል፤ አስቂኝ ነው፣ አለቃውን እየተከተለ ንግግሩን የሚደግም ሰው ይመስላል። ቀጥሎ ትራምፔትና ትሮምቦኖች አፋቸው እንደታፈነ ይቀበሉታል። ከዚያ ክሮቹ በሙሉ ኃይላቸው፣ ከዚያም የናስ መሣሪያዎቹ። ከበሮዋም አታርፍም። በየዙሩ የሚጨመረው የመሣሪያው ብዛትና የድምፁ ጉልበት ብቻ ነው፤ ዜማው ያው ነው፣ ቅኝቱም ያው ነው። አሥር ደቂቃ ገደማ በዚህ ዓይነት ያልፋል።

የመጠን ለውጥ ተጠራቅሞ ወደ ዓይነት ለውጥ ይሸጋገራል የሚለውን የዲያሌክቲክስ ሕግ ለማስረዳት ውኃ በጋለ ጊዜ ወደ እንፋሎት መለወጡ ዘወትር ይጠቀሳል። ይህ የሙዚቃ ሥፍራ ከውኃው የተሻለ፣ ግን አስፈሪ የሆነ ምሳሌ ይመስለናል። መነሻው ላይ ያሳቀን ዜማ መድረሻው ላይ የሚደቁስ ማሽን ሆኗል። ሆኖም ሊሠመርበት የሚገባው ነገር አለ። ይህ ዜማ በመንገዱ ላይ ምንም አልተማረም። ከማንም ጋር አልተከራከረም፣ ከሌላው ዜማ ምንም አልወሰደም፣ ራሱንም አልለወጠም። ገዘፈ እንጂ አላደገም። ደራሲው የትግሉን ሥፍራ ያወጣው ለዚህ ነው፤ የሚደገም እንጂ የሚያስብ ነገር የሌለው ኃይል ሲመጣ ክርክር የሚባል ነገር ያበቃል። ፋሽዝም በአደባባይ ሲነሣ መጀመሪያ ብዙ ሰው ሳቀበት፣ ብዙ ሰውም ከንፈሩን መጥጦ አለፈው። ወረራውን ከ1935 እስከ 1941 በራሱ ቆዳ ላይ የቆጠረው የኛ ሕዝብም ይህን ለመረዳት የሩቅ አገር ምስክር አያስፈልገውም።

ከዚህ የተነሣ ይህን ክፍል የሚሰማ ሰው ለራሱ ሊያቀርበው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ፈገግታዬ የቆመው በስንተኛው ዙር ላይ ነው? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ አድማጭ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር ላይ እግሩ ሳያውቀው ከከበሮዋ ጋር ምቱን ሲመታ ራሱን ያገኘዋል። ወራሪው ዜማ ከውጭ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን፣ የሰውም እግር እንደሚያግዘው ሙዚቃው የሚያስረዳው በዚህ መንገድ ነው። ምንም ዓይነት ጽሑፍ ይህን በእንደዚህ ያለ ቅርበት ሊነግረን አይችልም፤ ይህም ጽሑፍ ጭምር።

በመጨረሻው ዙር ጫፍ ላይ ከዋናው ኦርኬስትራ ሌላ እንዲጨመሩ ደራሲው ያዘዛቸው አሥር የናስ መሣሪያዎች፣ ማለትም አራት ቀንደ መለከት፣ ሦስት ትራምፔትና ሦስት ትሮምቦን በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ቅኝቱ ይሰበራል። የመክፈቻው ሰፊ ዜማ ይመለሳል፤ ግን ያው አይደለም፣ ወደ ሐዘን ቅኝት ወርዷል። ከጩኸቱ በኋላ ኦርኬስትራው ጸጥ ሲል ባሱን፣ ማለትም ያ ቅድም የሌላውን ቃል እየደገመ ያሳቀን ረጅም የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ፣ አሁን ብቻውን ሆኖ ለረጅም ጊዜ ያንጎራጉራል። የሰላሙ ጊዜ ሁለተኛ ዜማ የቀረው በዚህ ድምፅ ውስጥ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል። የሰዎቹ ዜማ ተጎድቷል፣ ተለውጧል፣ የሆነበትን ያውቃል፤ የወራሪው ዜማ ግን አያውቅም። ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ከበሮዋ ከሩቅ እንደገና ትሰማለች፣ ያችን የተለመደችውን ምት ይዛ።

ታዲያ ይህ ዜማ የማን ነው? የሂትለር ጦር ነው ወይስ የሌላ? ሾስታኮቪች ራሱ ማርች 29 ቀን 1942 ሲምፎኒው ሞስኮ ላይ በቀረበበት ዕለት “ፕራቭዳ” ላይ ባወጣው ጽሑፍ ሥራውን ፋሽዝምን ለመዋጋት፣ ለሚመጣው ድልና ለትውልድ ከተማው ለሌኒንግራድ ሰጥቶታል። ይህ በአደባባይ የተነገረ ቃል ነው፤ በዚያ ጊዜ ከተማው በርሃብ ያልቅ የነበረ ሰው የተናገረውን ቃል ማስመሰል ነው ማለት ድፍረት ይሆናል። በሌላ በኩል በኩይቢሼቭ የቅርብ ወዳጁ የነበረችው ፍሎራ ሊትቪኖቫ ትታልን ባለፈችው ትዝታ መሠረት፣ ሙዚቃው ስለ ፋሽዝም ቢሆንም በጠባቡ ስለ ናዚዎች ብቻ እንዳልሆነ፣ የሰውን መንፈስ ስለሚያስር ሽብርና ባርነት ሁሉ እንደሆነ ነግሯታል። ሁለቱ አባባሎች አይጣሉም። ጠላቱን በስሙ የጠራ ሥራ ባሕርይውንም ሲገልጽ፣ ያ ባሕርይ በሌላ ሥፍራና በሌላ ልብስ በተገኘ ጊዜ አድማጩ ያውቀዋል። በውጭ ወራሪ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ በቤት ውስጥ ላለ ግን ጆሮ የሌለው ሙዚቃ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ድረስ ባልኖረ ነበር።

ይህን ስንል የደራሲውን የራሱን ሕይወት ልንዘነጋው አንችልም። በጃንዋሪ 1936 “ፕራቭዳ” አንዱን ኦፔራውን “ከሙዚቃ ይልቅ ትርምስ” በሚል ርእስ አወገዘው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ውግዘት የሚያስከትለውን ማንም ያውቅ ነበር። ሰባተኛው ሲምፎኒ በ1942 የስታሊን ሽልማት ከተሰጠው በኋላ እንኳ ነገሩ አላበቃም። በፌብሩዋሪ 1948 የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ባወጣው ውሳኔ ከሌሎች የሙዚቃ ደራስያን ጋር እንደገና “ፎርማሊስት” ተብሎ ተወገዘ፣ የማስተማር ሥራውንም አጣ። በ1958 ፓርቲው ራሱ የውሳኔውን ስሕተት አረመ። አንድ ሰው በስድስት ዓመት ውስጥ የአገር ባንዲራና የሕዝብ ጠላት ሊባል መቻሉ በራሱ ስለ ከበሮዋ አንድ ነገር ያስረዳል። የምሥጢራዊ መልእክት ፈላጊዎችም ለመሳሳት የበቁት ይህን መከራ ስላዩ ነው፤ መከራው እውነት ነው፣ መደምደሚያቸው ግን ሌኒንግራድን የከበባትን ጦር ከሙዚቃው ውስጥ ሊያወጣው ይቃጣል።

ስለ ቀሩት ክፍሎች ባጭሩ እንናገር። ሁለተኛው የትዝታ ክፍል ነው፤ በቀስታ የሚራመድ፣ መሐሉ ላይ በድንገት የሚበሳጭ፣ እንደገና የሚረጋጋ። ሦስተኛው ግን ሊታለፍ አይችልም። የትንፋሽ መሣሪያዎች ከባድ ኅብረ ድምፅ ያሰማሉ፤ ቫዮሊኖቹ በአንድነት፣ ያለ ምንም አጃቢ ያህል፣ እንደ ተናጋሪ ሰው ይመልሱላቸዋል። በመካከል አንዲት ፍሉት ብቻዋን የምትጫወተው ዜማ አለ። በቀብር ላይ የሚያለቅሰው ሁሉ ዝም ብሎ አንዲት ሴት ብቻ ሙሾ ስታወርድ የሚሰማውን ዓይነት ጸጥታ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሥፍራ ያለ መምህር ይረዳዋል። በኛ ግምት የሲምፎኒው ከፍተኛ ጫፍ ይህ ክፍል እንጂ ዝነኛው የከበሮ ሥፍራ አይደለም። አራተኛው ክፍል ያለ ዕረፍት ይቀጥላል። ከጨለማ ተነሥቶ፣ ይሮጣል፣ ይደክማል፣ በከባድ እርምጃ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ በመጨረሻም የመጀመሪያው ክፍል የመክፈቻ ዜማ በናስ መሣሪያዎች ሙሉ ኃይል ይመለሳል። ይህ ድል ብዙዎችን አላሳመነም። እኛም ሥራው እዚህ ላይ እጅግ ተራዝሟል የሚለውን ነቀፌታ በከፊል እንቀበላለን። ሆኖም የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ጉልበት በጥሞና የሰማ ሰው ከደስታው ይልቅ ክብደቱ ሳይሰማው አይቀርም፤ እነዚያ ናሶች ዕቃ እንደሚያነሡ ሰዎች እንጂ እንደሚጨፍሩ ሰዎች አይጮኹም።

ነቀፌታ ከተነሣ ዘንድ፣ የምዕራቡ ዓለም ተቺዎች ያሉትንም መሸሸግ አይገባም። የኖታው ቅጂ በማይክሮ ፊልም ተነሥቶ በቴህራንና በካይሮ በኩል ከተጓጓዘ በኋላ በጁን 1942 ለንደን ላይ ሄንሪ ዉድ፣ በጁላይ 19 ኒው ዮርክ ላይ አርቱሮ ቶስካኒኒ በሬዲዮ አሰሙት፤ በአሜሪካ በአንድ የትርኢት ወቅት ብቻ ስድሳ ጊዜ ያህል ቀረበ። የዚያኑ ዓመት አሜሪካዊው ተቺ ቨርጂል ቶምሰን ሥራው ከልክ በላይ ቀላልና ረጅም ነው ብሎ አጣጣለው። ሀንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክም በ1943 በጻፈው “ኮንሰርቶ ለኦርኬስትራ” አራተኛ ክፍል ውስጥ የወራሪውን ዜማ እንዳፌዘበት ይታመናል። ባርቶክ ታላቅ ሰው ነው፤ ከናዚዎች ሸሽቶ በስደት የነበረም ነው። የዜማውን ሞኝነት በትክክል ሰምቷል። ያልተቀበለው፣ ሞኝነቱ የታሰበበት መሆኑን ይመስለናል።

ከተነሣንበት ጥያቄ አንጻር ከማንኛውም ተቺ ቃል በላይ የሚመዝነው ግን ኦገስት 9 ቀን 1942 ሌኒንግራድ ላይ የሆነው ነው። የከተማይቱ ዋና የፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ወደ ኖቮሲቢርስክ ሄዶ ነበር። በከተማይቱ የቀረው በካርል ኤሊያስበርግ የሚመራው የሬዲዮ ኦርኬስትራ ሲሆን፣ ክረምቱ ሲያልቅ ሊጫወቱ የሚችሉ አባላቱ ወደ አሥራ አምስት ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ሌሎቹ ሞተዋል ወይም ከአልጋ መነሣት አልቻሉም። ሥራው ከመቶ በላይ ሙዚቀኞች ይጠይቃል። ጥሪ ተደረገ፤ በየጦር ክፍሉ ያሉ ሙዚቀኞች ከግንባር እየተፈቱ መጡ፤ ተጨማሪ ምግብ ተመደበላቸው። የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ብዙ ሳይቆዩ የሚቋረጡት ለሚነፉት ሰዎች ትንፋሽ ስላልነበራቸው ነው። ሙዚቃ የሳምባ ሥራ፣ የከንፈር ሥራ፣ የክንድ ሥራ መሆኑን የኮንሰርት አድማጭ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል፤ የጉልበት ሠራተኛ ግን ከማንም በፊት ይረዳዋል። 250 ግራም ዳቦ በልቶ ትሮምቦን መንፋት ምን ማለት እንደሆነ ብረት ያነሣ ሰው ያውቃል።

በትርኢቱ ቀን የጄኔራል ጎቮሮቭ መድፈኞች የጀርመንን የመድፍ ምሽጎች አስቀድመው በመደብደብ ጸጥ አሰኟቸው። የፊልሃርሞኒኩ ትልቅ አዳራሽ በሰው ሞላ። ሙዚቃው በሬዲዮና በየአደባባዩ በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ለከተማው ሁሉ፣ በግንባር በተተከሉት ማጉያዎችም ለጠላት ጦር ተላለፈ። እዚያ የተቀመጠው ሰው ከበሮዋን ሲሰማ የሚያስታውሰው የሰማውን ወሬ አልነበረም። የሦስተኛውን ክፍል ፍሉት ሲሰማ ለማን እንደሚለቀስ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም፤ ደራሲው ያን ሙዚቃ የጻፈው ከነዚያ ሞቶች ሁሉ በፊት ቢሆንም። ከበባው እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 1944 ድረስ፣ በድምሩ 872 ቀን ቆየ፤ ከ600 ሺህ በላይ የከተማ ሕዝብ በርሃብ፣ በብርድና በመድፍ አለቀ።

ሙዚቃውን ለመስማት ለሚፈልግ አንባቢ የምንሰጠው ምክር ጥቂት ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ለመጨረስ መታገል አያስፈልግም፤ መጀመሪያ የመጀመሪያውን ክፍል፣ ይኸውም ግማሽ ሰዓት የማይሞላውን፣ ደጋግሞ መስማት ይበቃል። ዙሮቹን በጣት ይቁጠሩ። በመሐሉ ከሰው ጋር አይነጋገሩ። ከብዙ ሰው ጋር ሆኖ ሰምቶ ኋላ መወያየት ደግሞ ብቻ ከመስማት ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ሰው ፈገግታው የቆመበትን ዙር ሲናገር ልዩነቱ ራሱ ብዙ ያነጋግራልና።

ኤሊያስበርግና በሕይወት የቆዩ 22 ሙዚቀኞች ጃንዋሪ 27 ቀን 1964፣ ከበባው በተሰበረበት ሃያኛ ዓመት፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያን ጊዜ ተቀምጠውባቸው በነበሩት ቦታዎች ላይ ተቀምጠው ሲምፎኒውን እንደገና ተጫወቱ። ሾስታኮቪች ከአድማጮቹ መካከል ነበረ። በ1992 ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰባሰቡ የቀሩት 14 ነበሩ። ከተማይቱ ከአንድ ዓመት በፊት ወደ ጥንቱ ስሟ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሳ ነበር፤ በኖታው ላይ የተጻፈው ግን ያው ሌኒንግራድ ነው።